ከውድድሩ ሲመለሱ፤ የአንዲት የባሕር ዳር ድምፃዊት ጉዳይ

የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ለዛሬው ሙዚቃችን ምን ፈየደ? ባሕር ዳር ውስጥ ሙዚቀኛ የሚሰበሰብበት ቦታ ሁሉ ይህ ክርክር አይጠፋም። አንዱ «ውድድሩ ባይኖር ማን ዞር ብሎ ያየን ነበር» ይላል። ሌላው «የሰው ዘፈን ማስዘፈን ምኑ ሙዚቃ ነው» ብሎ ይነሳበታል። ሁለቱም የሚጠቅሱት አሸናፊዎችን ብቻ ስለሆነ ክርክሩ ፈቅ አይልም።

እኔ ያላሸነፈች ልጅ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ቀበሌ 14 አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ኪቦርድ እጫወታለሁ፣ ቅንብር እሠራለሁ። ልጅቷ ወደ ውድድሩ ከመሄዷ በፊትም ከተመለሰች በኋላም አብረን ሠርተናል። ስሟንም የተወዳደረችበትን ጣቢያም አልጠቅስም። የጻፍኩትን አንብባ «ይሁን» ብላለች፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ይቺን አውጣት» አለችኝ፤ አወጣኋት።

«ልክ እሷን!»

ያኔ የምትሠራው ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የባህል ምሽት ቤት ነበር። ከዚያ በፊት ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ ዘፍናለች፤ ቀጥሎ ኪነት ቡድን ገብታለች። የእኛ አገር ድምፃዊ አብዛኛው የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ምሽት ቤቱ ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ አዝማሪ መሰንቆ ይጫወታሉ። ከበሮ መቺ አለ። እኔ አንዳንድ ማታ በኪቦርድ እገባለሁ። ቤቱ ሞቅ ሲል ችክችካውን እለቅላቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ እስክስታው ነው።

የልጅቷ ሀብት ማስመሰል ነበር። የፈለጋችሁትን አንጋፋ ድምፃዊት ጥሩላት። ቅላፄዋን፣ ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ፣ ካሴቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ሳቅ ሳይቀር ታመጣዋለች። እንግዳው «ልክ እሷን!» ብሎ ይጮሃል፤ ግንባሯ ላይ ብር ይለጠፋል። ምሽት ቤት ውስጥ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ስለዚህ የማስመሰሉን ልማድ ቴሌቪዥን አመጣብን ማለት አይቻልም። እኛው ያሳደግነውን ነው ወስዶ መብራት ያበራበት።

አንድ ማታ ዕቃ እየሰበሰብን «ጋሼ፣ ልመዝገብ ወይ?» አለችኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ» አልኳት። የፈሩት እናቷ ናቸው። «በአገር ፊት ብትዋረድብኝስ?» አሉ። ከመሬት ተነስተው አልነበረም የፈሩት። ይህ ዓይነቱ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ፣ በ2002 አሜሪካ ከጀመረ ወዲህ፣ የወደቀውን ሰው ፊት ማሳየት የመዝናኛው ግማሽ ነው። ወደ እኛም የኢትዮጵያ አይዶል ሆኖ ሲመጣ ሕዝቡ በጉጉት ይጠብቅ የነበረው ዘፋኙን ብቻ አልነበረም፤ ዳኛው፣ የሳክስፎን ተጫዋቹና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህሩ ፈለቀ ኃይሉ፣ ምን ብሎ እንደሚያሰናብተውም ጭምር ነበር። ከዚያ የአብርሃም ወልዴ ባላገሩ አይዶል መጣ። ኋላም ፋና ላምሮት። እናትየው ይህን ሁሉ ሳሎናቸው ቁጭ ብለው ሲያዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ልጅቷ በእኛ አቆጣጠር 2014 ላይ ሄደች። ማጣሪያውን አለፈች፣ ምድብ ውስጥ ገባች፣ ጥቂት ዙር ተሻገረች። ከፍጻሜው በፊት ተሰናበተች። አልተዋረደችም። ዳኞቹ «ድምፅሽ ንጹህ ነው፣ ግን ራስሽን አምጪ» አሏት። ይህን ምክር ለስንቱ እንደሚሰጡት ቤቱ ይቁጠረው። የሰው ዘፈን ምረጪ ተብላ፣ የሰው ዘፈን አጥንታ፣ ከዋናው ዘፋኝ ጋር እየተወዳደረች ራሷን ከየት ታምጣ? እሷ በነበረችበት ዙር ሁሉ አዲስ ዘፈን ይዘሽ ነይ የተባለችበት ቀን አልነበረም።

ይዛው የመጣችው

የሆነ ሆኖ ባዶ እጇን አልተመለሰችም። መጀመሪያ ልምምድ ስንገባ ነው ያወቅኩት።

ድሮ «ኪይሽ ስንት ነው?» (የምትዘፍኚበት የድምፅ ከፍታ ማለቴ ነው) ስላት «እንደ ካሴቱ» ነበር መልሷ። ካሴቱ ላይ የዘፈነችው ድምፃዊት ከእሷ ድምፅ ከፍ የምትል ብትሆን ዝቅ የምትል ግድ አልነበራትም፤ ተንጠራርታም ጎንበስ ብላም ትደርስበት ነበር። አሁን «ባቲ ማይነር፣ ከጂ ያዝልኝ» አለችኝ፤ ቅኝቱንም መነሻ ድምፁንም ለይታ ጠራች ማለት ነው። ደነገጥኩ። ከዚያ መግቢያውን እንድደግምላት ጠየቀችኝ፤ እሷ የምትገባው ከአራተኛው ምት በኋላ ነውና። ድሮ የምትገባው ደስ ሲላት ነበር።

እዚህ ያለ ድምፃዊ በአብዛኛው የሚሠራው ከአንድ ኪቦርድ ጋር ነው። ከበሮውም ቤዙም ሳክሱም እዚያች ሳጥን ውስጥ ነው። ድምፃዊው ቢሳሳት ኪቦርዲስቱ ይጠብቀዋል። ሙሉ ባንድ ግን አይጠብቅም። ውድድሩ ላይ እውነተኛ ድራመር፣ ቤዝ ጊታር፣ ሊድ ጊታር፣ ሳክስ ከኋላዋ ቆሞ ነበር። ቤዙን ማዳመጥ ተማረች። ማይክ ከአፏ መቼ እንደሚርቅ ተማረች። በጆሮዋ የሚመጣውን ሞኒተር ማመን ተማረች። በዚህ በኩል ውድድሩ ባሕር ዳር ውስጥ በምንም ገንዘብ የማይገኝ ትምህርት ሰጥቷታል፤ ይህን የሚክድ ሙዚቀኛ ካለ ከነገር ፍቅር ነው።

ገንዘብም መጣ። ጥር ላይ የሠርግ ጥሪ ይጎርፍላት ጀመር። ፖስተሩ ላይ ከስሟ ሥር የውድድሩ ስም በትልቁ ይጻፋል። ክፍያዋ ከፍ አለ። እኔም አብሬ ተጠቀምኩ፤ የሚያስቀኝ ነገር ቢኖር ሠርግ አስተናባሪዎች «ከቴሌቪዥኑ ባንድ የመጣ ነው?» እያሉ ይጠይቁኝ የነበረው ነው።

ካርዳችን እስኪያልቅ

ወደ ምሽት ቤቱ የተመለሰችበት ማታ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ከተማው በውድድሩ ጊዜ «የእኛ ልጅ» ብሎ በኤስኤምኤስ ድምፅ ሲሰጣት ከርሟል። ያን ድምፅ የሰጠው ሰው ግማሹ ዘፈኗን ሰምቶ ይሁን የትውልድ ከተማዋን ሰምቶ ይሁን እግዜር ይወቀው። ብቻ ያን ማታ ሊያያት መጣ።

ሁለት ዘፈን ዘፈነች። አገር ጨፈረ። ከጥግ አንድ ሰውዬ ተነሳና «ተቀበይ!» አለ።

«ካርዳችን እስኪያልቅ ድምፅ ሰጥተንሽ ነበር፣
እስቲ አንቺ በተራ ድምፅ ስጪንና እንደር።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። አዝማሪ ቤት ውስጥ ግጥም ከተወረወረ ይዞ መመለስ ግድ ነው። ደግሞ ዘፍኖ፣ በላዩ አንድ ጨምሮ፣ ሰውየውንም አመስግኖም ነካ አድርጎም መመለስ ነው። ልጅቷ ድሮ ይህን በደንብ ትችል ነበር። ያን ማታ ግን ማይኩን ይዛ ፈገግ ብላ ቆመች። ወደ እኔ አየች፤ የሚቀጥለውን ዘፈን እንድጀምርላት ነው። ወራት ሙሉ የለመደችው የተቆረጠ፣ የታሰበ፣ ሰዓቱ የተለካ ነገር ነው። ካሜራው የት እንዳለ ታውቃለች፤ እንግዳው የት እንዳለ ጠፍቷት ነበር።

አዝማሪው አዳኗት። ግጥሙን በመሰንቆ ተቀብለው፣ የእሳቸውን ስልክ «ድሮም ካርድ የለውም» ብለው በዜማ አዙረው ቤቱን አሳቁት። በኋላ ውጭ ቆመን ሳለ «ዳኛ አዲስ ነገር አይደለም» አሉኝ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዳኛ ፊት ነው የዘፈንኩ። ዳኛዬ ግን ግጥም ይሰጠኛል፤ የእሷ ዳኛ ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጣት።»

ይህ አባባላቸው ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሆኖም የእሳቸውም ዓለም ሙሉ አይደለም። አዝማሪ ቤት የተወለደ ድንቅ ግጥም ሲነጋ የለም፤ ማንም አልቀዳው፣ ማንም አልከፈለበት።

ስቱዲዮ ውስጥ የሆነው

የራሷን ነጠላ ዜማ እንሥራ ያልነው ያን ሰሞን ነው። ግጥሙን አንድ አስተማሪ ጓደኛችን ጻፈው። ሐይቅ ማዶ ስለሄደ ሰው ነው፤ ጀልባ እየጠበቀች ዋጋ የምትከራከር ሴት አለችበት። ዜማውን እሷና እኔ አንድ ላይ አወጣነው። በአንቺሆዬ ቅኝት ነው።

ቀረጻ ገባን። የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነች። ቆንጆ። መልሼ ሳዳምጠው ግን እሷ የለችበትም። ጅማሬው ላይ አንዷ አንጋፋ አለች፣ መሀሉ ላይ ሌላዋ፣ መጨረሻው ላይ ድምፁ ሲረዝም ደግሞ ውድድሩ ራሱ አለ። ሁለተኛ ቀረጻ ያው ነው። «ምን አጠፋሁ?» አለችኝ። ምንም አላጠፋችም። ነጥብ ያስገኘላትን ነገር ሁሉ በትክክል ነው ያደረገችው።

ሁለተኛው ችግር ቅርጹ ነበር። ለቴሌቪዥን ዘፈን ይቆረጣል። መግቢያው ያጥራል፣ አንድ ስንኝ ይወጣል፣ አዝማቹ ቶሎ ይመጣል፣ ትልቁ ድምፅ ደግሞ ዳኛው ፊቱን ሳያዞር መውጣት አለበት። ልጅቷ ይህን ለምዳዋለች። የእኛን ዘፈን ገና የመጀመሪያው አዝማች ላይ ጣራ አስነካችው። ሁለተኛው አዝማች ሲመጣ የምትሄድበት ቦታ አልነበራትም። ያለውኑ ይበልጥ እየጮኸች ደገመችው።

ሦስተኛው ችግር የእኔ ኪቦርድ ነበር። ኪቦርድ ላይ የድምፆቹ ርቀት እኩል ተደርጎ የተስተካከለ ነው። መሰንቆ ላይ ግን አንቺሆዬ እንደዚያ አይቀመጥም፤ ጣት ትንሽ ወደ ላይ፣ ትንሽ ወደ ታች ትላለች፤ ውበቱም እዚያች ላይ ነው። ልጅቷ ድሮ ከመሰንቆ ጋር ስትዘፍን ያቺን ቦታ ሳታስበው ታገኛት ነበር። ውድድሩ ላይ ያቺኑ ቦታ ስትነካ «ኪይ ስተሻል» ተባለች። ከዚያ ወዲህ ኪቦርዱ ላይ ተቸንክራለች።

አዝማሪውን ጠራናቸው። መሰንቆውን ይዘው መጡ፤ ስቱዲዮዬ ስለምትጠብ በሩ ሥር ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ሰሟት። ከዚያ «ልጄ፣ ንገሪኝ እንጂ አትዝፈኝብኝ» አሏት። ኪቦርዱን አጥፋው አሉኝ፤ አጠፋሁ። መሰንቆውን ዝቅ አድርገው ቃኙት፤ እሷ ከመረጠችው ኪይ ቢያንስ ሁለት ድምፅ ይወርዳል። «እዚህ ታች ድምፄ አይደምቅም» አለች። «ባሏ የሄደባት ሴት ምኗ ይደምቃል?» አሉ።

ታች ሆና ስትዘፍን የምትቀዳው ሰው አልነበራትም። አንጋፋዎቹ ሁሉ የሚታወቁት በላይኛው ድምፃቸው ነው፤ ታችኛው ቤት ባዶ ነበር። ዋጋ የምትከራከረው ሴት ስንኝ ላይ ስትደርስ የጎጃም አነጋገሯ ወጣ። እናቷ በርበሬ ሲሸጡ እንደሚናገሩት ዓይነት፣ ቃሉን ቆረጥ አድርጋ። የመጨረሻውን ድምፅ አላስረዘመችውም፤ ጥላው ሄደች። እኔ አዝራሩን ተጭኜ ዝም አልኩ። የወጣው ቀረጻ እሱ ነው። ኪቦርድም ቤዝም በኋላ የገባው በእሱ ላይ ነው፤ አንቺሆዬው እንዳይጋጭ ኮርድ አልደረብኩም፤ አንድ ረጅም ድምፅና ምቱ ብቻ።

ሚክስና ማስተር፣ ማለትም የቀረጻውን የመጨረሻ ማመጣጠን፣ አዲስ አበባ አሠራን። የሠርጉ ገንዘብ እዚያ አለቀ። እንግዲህ የሠርግ ጥሪውን ያመጣው ውድድሩ ነውና፣ ዘፈኑን ያበላሸባት እጅ ዘፈኑን ከፍሎላታል ማለት ነው። የዚህን ሒሳብ እኔ እስካሁን ማወራረድ አልቻልኩም።

ሐምሌ 28

ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ የጫንነው ሐምሌ 2015 መጀመሪያ ላይ ነው። ዕቅዱ ቀላል ነበር፤ የውድድሩ ተከታዮቿ ያዩታል፣ ለሌላው ያጋሩታል። አዩትም፣ ግን አስተያየት መስጫው ላይ የሚጽፉት «ያኛውን ዘፈን ደግመሽ ዝፈኝልን» ነበር። ያኛው ማለት ውድድሩ ላይ የዘፈነችው የሰው ዘፈን ነው። እሷ ያንን ቪዲዮ በራሷ ቻናል ብትጭነው ገቢው የእሷ አይሆንም፤ ቀረጻው የጣቢያው፣ ግጥምና ዜማው የደራሲዎቹ ነው። ሞክራው ነበር፤ ወዲያው ክሌም፣ የባለመብት ጥያቄ፣ መጣባት። ሕጉ ልክ ነው። ግን አንዲት ልጅ አገር ያወቃት በአንድም የእሷ ባልሆነ ነገር መሆኑን ያን ቀን ነው ቁጭ ብላ ያሰበችው።

ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰዓት እላፊ መጣ፤ ምሽት ቤት የሚባል ነገር ቀረ። የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ጠፋ። ሠርጉ በቤተ ዘመድ፣ በቀን፣ ያለ ባንድ ሆነ። እኔ ኪቦርዴን ሸፍኜ ሞባይል ጥገና ለሚሠራ ወንድሜ ረዳት ሆንኩ። የውድድሩ ቪዲዮዎች ሁሉ ያሉት ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ከባሕር ዳር ሰው ዓይን ጠፉ።

ዘፈኑ ግን አልጠፋም። ከመጫናችን በፊት ለጥቂት ሰው በፍላሽ ሰጥተነው ነበር። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ያለ ኢንተርኔት ፋይል በሚያሻግረው ዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ፣ ሙዚቃ ከሚጭኑት ሱቆች ወደ ባጃጆቹ። አንድ ጠዋት ከጊዮርጊስ ወደ ቀበሌ 14 ባጃጅ ይዤ ስሄድ ሹፌሩ ከፍቶታል። «ማን ናት ይቺ?» አልኩት አውቄ። «እኔ እንጃ፣ የዚህ አገር ልጅ መሆን አለባት፣ አነጋገሯ ያስታውቃል» አለኝ። የፋይሉ ስም «አዲስ 14» ነበር። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከሄድን ሱቁም ሹፌሩም እኔም የምንጠየቅበት ነገር ሳይኖር አይቀርም። አንድ ሳንቲም አላገኘችበትም። ቤቷ መጥቼ ስነግራት ግን መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የትኛው ስንኝ ላይ ነበር?» ብላ ነው።

እዚህ ላይ ሰዎች ይቸኩላሉ። «በቃ፣ ውድድሩ ዋጋ የለውም፤ ዘፈኑ በራሱ ተጉዟል» ይሉኛል። ኪይዋን ሳታውቅ፣ ምት መቁጠር ሳትችል ያንን ዘፈን እንደዚያ ልትዘፍነው ትችል ነበር ወይ? አይመስለኝም። ታችኛው ድምፅ ላይ መቆም ልምምድ ይጠይቃል፤ ልምምዱን ደግሞ ያገኘችው ከባንዱ ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ውድድሩ ዘፋኝ ይፈትናል፤ ዘፈን አይፈትንም። የዛሬው ሙዚቃ ደግሞ የሚለወጠው አዲስ ግጥም፣ አዲስ ዜማና አዲስ ቅንብር ሲገናኙ ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ከመድረኩ ላይ የሉም። ገጣሚው ቤቱ ነው፣ የዜማ ደራሲው ቤቱ ነው፣ አቀናባሪው እንደ እኔ ሞባይል እየጠገነ ነው።

ከአሸናፊዎቹም ብንነሳ ነገሩ ይኸው ነው። ዳዊት ጽጌ ባላገሩ አይዶልን ያሸነፈው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የመጀመሪያ አልበሙ «የኔ ዜማ» የወጣው በ2020 ነው። ዋንጫ ካነሳ በኋላ አልበም ለማውጣት አምስት ዓመት ፈጀ። ያንን ጊዜ ሁሉ የሚበላው ድምፅ ማሳመር አይመስለኝም፤ ድምፁማ ቀድሞም ነበረው። ውጭ አገርም ደረጃው ብዙ አይናገርም። ጄኒፈር ሀድሰን እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካው አይዶል ሰባተኛ ሆና ተሰናብታ በ2007 ኦስካር ወሰደች። ዋን ዳይሬክሽን በ2010 በእንግሊዙ ኤክስ ፋክተር ሦስተኛ ነበሩ።

አንድ ዙር ብቻ ቢጨመር እላለሁ። ተወዳዳሪው ማንም ያልሰማው ዘፈን ይዞ ይምጣ፤ ገጣሚውና የዜማ ደራሲው ስማቸው ስክሪን ላይ ይጻፍ፣ ይከፈላቸው። አዝማሪው ደግሞ «ግጥም የሚወረውር እንግዳም አስገቡ» ይላሉ። ለቀጥታ ሥርጭት አደገኛ ነው፤ ባሕር ዳር ሰው ምን እንደሚወረውር አይታወቅም። እኔ ግን አየዋለሁ።

ልጅቷ አሁን አዲስ አበባ ናት። አንድ ሆቴል ውስጥ በሳምንቱ መጨረሻ ከባንድ ጋር ትሠራለች። ሥራውን ያገኘችው በውድድሩ ስም ነው፤ የፍላሹን ዘፈን እዚያ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ ዘፈን ጀምረናል። ድራም ይግባበት አይግባበት ላይ አልተስማማንም፤ እሷ ይግባ ትላለች፣ እኔ እንቢ ብያለሁ።

በቅርቡ ያ ጣቢያ ለበዓል ልዩ ዝግጅት የቀድሞ ተወዳዳሪዎችን ጠራ። እሷም ተጠራች። «የራሴን ልዝፈን» አለች። «ሕዝብ የሚያውቀውን ምረጪ» ተባለች። ደውላ «ጋሼ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ስንት ይከፍሏችኋል?» አልኳት። ነገረችኝ። ሚክሱን ይሸፍናል። ሄዳ የታወቀውን ዘፈነች፤ ልክ እንደ ካሴቱ።